እናቱን ከሜዳ ያስቀረ አጥቂ

አገር ላገር የዞረ አጥቂ ማለት ለሳተው ጎል ሁሉ ጥፋተኛ ፈልጎ የማያጣ ሰው ማለት ነው። በእኛ ክፍለ ሀገር፣ በሚናስ ገጠር፣ እንዲህ ያለ ሰው ያላበቀለ ከተማ የለም። በወጣትነቱ በአውቶቡስ ይሄዳል፤ ጉልበቱ ሲያልቅ በአውሮፕላን ይመለሳል። በመሃል የሆነውን እሱ ያወራል፣ እኛ እንሰማለን፣ የእኛው አጥቂ እህት ዙልሚራ ደግሞ ትናደዳለች።

የከተማችን የፔድራ ሚውዳው ክቡር ጄኒቫልዶ፣ የዘጠኝ አገር ጎል አግቢ፣ አዲስ ክለብ በገባ ቁጥር የማሊያውን አርማ ይስምና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ከልጅነቴ ጀምሮ የዚህ ክለብ ደጋፊ ነኝ!» ይላል። ዩክሬን ሲገባ ብሏል። ማልታ ላይ ብሏል። ቬትናም ላይ ሲለውማ ዙልሚራ አልቻለችም፤ ስልኩን አንስታ ደወለችለት።

«አንተ! ልጅ ሆነህ ቬትናም የት እንዳለች ታውቅ ነበር?»

«ልቤ ያውቅ ነበር።»

«ልብህን ጂኦግራፊ ያስተማረው ማነው? አንተን እንደሆነ ያስተማረህ አልነበረም!»

ደግሞ ደንብ አለን፤ ተጫዋች በድሮ ክለቡ ላይ ጎል ቢያገባ አይጨፍርም፤ ሁለት እጁን አንስቶ ይቅርታ ይጠይቃል። ክቡርነታቸው ያልረገጡት ክለብ ስላልነበረ አንድ የውድድር ዘመን ሙሉ ይቅርታ እየጠየቁ ከረሙ። ጎል ባገባ ቁጥር ለቅሶ የደረሰ ይመስል ነበር።

ሲስት ደግሞ አያድርስ ነው። ዩክሬን ላይ ያሳተው በረዶው ነው። ኳታር ላይ ሙቀቱ ነው። ቦሊቪያ ላይ አየሩ ሳስቶበት፣ ማልታ ላይ ከባሕር የመጣ ነፋስ ኳሷን ወስዶበት ነው። እግሩ ብቻ ነጻ ነው። እስከዚህ ድረስ ያስቃል፤ ዙልሚራም አንዳንዴ ትስቅ ነበር። የማታስቃት አንዲት ነገር ነች፤ እሷን ስታስብ እስከ ዛሬ ደሟ ይፈላል።

ልጁ አሥራ ሰባት ዓመቱ ሳለ እናቱ ዶና ኦዴቲ የእሁድ ልብሳቸውን ለብሰው ሊያዩት ሜዳ መጡ። ግብ ጠባቂ እንኳ ያልቆመበትን ጎል ሳተ። ማታ እራት ላይ ዓይኑን በጨው ታጥቦ እንዲህ አላቸው፦ «እማዬ፣ አንቺን ሳይ እግሬ ይተሳሰራል። ባትመጪ ይሻላል።»

በቃ። እኛ ኳስ ሲሆን ሰው አይደለንም፤ ቡድኑ አንድ ጊዜ ሲያሸንፍ ያደረገውን ካልሲ ዋንጫ እስኪነሳ ድረስ ሳያጥብ የሚኖር ጎረቤት አለን። እግሯ ደረቅ ነው፣ መጥፎ ዕድል ታመጣለች የተባለች ሴት ደግሞ ከሜዳም ከቴሌቪዥንም ትባረራለች። ዶና ኦዴቲ ከዚያ ቀን ጀምሮ እግረ ደረቅ ሆኑ። የልጃቸው ጨዋታ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ሰፈርተኛው በገዛ ሳሎናቸው ይሰበሰባል፣ እሳቸው ጓሮ ወጥተው ዶሮ ያበላሉ። ልጁ ጃፓን ሳለ አንድ ቀን ስኳር ሊያነሱ ሲያልፉ በዓይናቸው ጠርዝ አዩት መሰለኝ፣ እሱም ሪጎሬ ሳተ። ጨዋታው እንዳለቀ ለዙልሚራ ደወለ፤ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ «እማዬ አይታ ነበር?» እሳቸውም ይቅርታ ጠየቁ! ይታያችሁ፣ ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው ናቸው!

ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ዘንድሮ ጄኒቫልዶ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት ወደ ከተማችን ክለብ ወደ ኡኒያዎ ተመለሰ፤ ከጎረቤታችን ክለብ ከባሬይሮ ጋር ተጫውቶ ጫማውን ሊሰቅል ነው። በዚያው ሰሞን ሐኪሙ የዶና ኦዴቲ ቀኝ ዓይን እንደጠፋ፣ ግራውም የገና በዓል ሳይደርስ እንደሚከተል ነገራቸው። ያሳደጉት ልጅ ሲጫወት ዳግም ሳያዩ ሊታወሩ ነው። ዙልሚራ ይህን ስትሰማ አላለቀሰችም፤ ተቆጣች።

«እማዬ፣ እሁድ ሜዳ እንሄዳለን።»

«ኧረ በእመቤታችን! ሄጄ ጎሉን ላበላሽበት?»

«እሱ ያለ አንቺም አሳምሮ ይስታል!»

«ስትመለሺ ትነግሪኛለሽ።»

«መንገር ሰልችቶኛል። ታያለሽ!»

ጄኒቫልዶ ሲሰማ የባቄላውን ሳህን ገፋ አደረገ። «ዙልሚራ፣ የመጨረሻዬ ነው። ያውም ከባሬይሮ ጋር። እባክሽ፣ ሌላ ቀን…»

«ሌላ ቀን ዓይን የላትም።»

ከወንበሩ ተነሣ። ከዚያ «አንቺ ኳስ አታውቂም» ብሎ ወጣ። ኳስ የማታውቀው ዙልሚራ በዚያ ሜዳ በር ላይ ሳምቡሳ የመሰለውን ፓስቴል እየጠበሰች ስንት ዘመን ጨዋታ አይታለች!

እሁድ መጥበሻዋን ለጎረቤት ትታ እናቷን ክንዳቸውን ይዛ አጥሩ ሥር አስቀመጠቻቸው። ከኋላቸው ሥጋ ሻጩ አናክሌቶ ነበር።

«ማንን ይዘሽ ነው የመጣሽው? ዛሬስ አለቀልን!»

«አንተ ሥጋህን ቁረጥ!»

ጨዋታው ዜሮ ለዜሮ ቆየ። ሊያልቅ ሲል ሪጎሬ ተሰጠን። ኳሷን ማን ያስቀምጣት? ክቡር ጄኒቫልዶ። ዶና ኦዴቲ ዓይናቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ፤ ዙልሚራ እጃቸውን ይዛ አወረደችው። እሱም ቀና ሲል የእናቱን ሰማያዊ ቀሚስ አጥሩ ሥር አየ። ተንደረደረና መታት። ኳሷ ከማንጎው ዛፍ በላይ ሄደች።

 ከዚያ አናክሌቶ «እግረ ደረቅ! ያቺን ሴትዮ አስወጧት!» ብሎ ጮኸ፤ ሜዳው ሁሉ ተከተለው። ዶና ኦዴቲ ቦርሳቸውን ፈለጉ።

ጄኒቫልዶ ወደ አጥሩ መጣ። ዙልሚራ ተነስታ ጠበቀችው። ሣሩን ቢያነሳ፣ ነፋሱን ቢያነሳ፣ የእናቱን ስም ደግሞ በክፉ ቢያነሳ የምትለውን ሁሉ ምላሷ ላይ ደርድራለች። እሱ ሽቦውን ጨበጠና ከእሷ በላይ፣ ወደ ሰዉ ጮኸ።

«ተዉአት! የሳትኩት እኔ ነኝ! በዘጠኝ አገር ስስት እናቴ ጓሮ ነበረች። እዚያስ ማን አሳተኝ?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እማዬ፣ አትሂጂ» አለ። «ተቀመጪ። እዪኝ።»

ተመልሶ ገባ። ዙልሚራ እንደቆመች ቀረች። ይኸው ነው እንግዲህ! ሃያ ሁለት ዓመት ያጠራቀመችውን ስድብ እንኳ ወንድሟ ነጠቃት። ምን ታድርገው? ልትውጠው ሞከረች፣ አልወርድ አላት።

ዶና ኦዴቲ አንገታቸውን አስግገው በአንድ ዓይናቸው ሜዳውን ያያሉ። ኳሷን አይከተሉም። ኳሷ እዚያ ማዶ ስትሄድ እሳቸው እዚህ ያያሉ።

«ዙልሚራ።»

«ወይ እማዬ።»

«ግራ እግሩን ያመዋል። እየጎተተው እኮ ነው። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ዙልሚራ አታውቅም። ዘጠኙንም አገር በቴሌቪዥን ተከታትላዋለች፤ ቴሌቪዥን ግን ኳሷን እንጂ ኳስ የሌለውን ሰው አያሳይም። አሁን እናቷ የሚያዩትን ተከትላ አየች። እውነት ነው። በዞረ ቁጥር የማሊያውን አንገት ይነክሳል።

«ክሌበር!» ብላ አሰልጣኙን ጠራችው። «አውጣው! ሰውዬ፣ አትሰማም? አውጣው እኮ ነው የምልህ!»

«እሰይ የኔ እህት!» አለ አናክሌቶ ከኋላ ደስ ብሎት። «ይውጣ ይሄ ሽማግሌ! በዘጠኝ አገር የማይረባ!» ሰዉ አጨበጨበላት።

ዙልሚራ ቀስ ብላ ዞረች። እጅጌዋን ሰበሰበች። አልወርድ ያላትን ስድብ ከአናክሌቶ ጀመረችው፤ አብረውት ወደ መጡት ወንድሞቹ ተሻገረች፤ ማንንም አልማረችም። ጨዋታው አልቆ፣ ዳኛው ልብሱን ቀይሮ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ እሷ ገና ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች።