ከባነሩ ላይ የተቀነሰችው «ል»

ቢቸና ውስጥ ተራ ነገር መናገር አይቻልም! ብታስነጥሱ እንኳ ሰሙን ትተው ወርቁን ይፈልጉባችኋል። እኔ ደግሞ ከሐዋሳ ተመድቤ የመጣሁ፣ ቅኔ ቀርቶ ቀልድ የማይሆንልኝ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ባለቤቴ እዚያው ሐዋሳ ናት። ወደ እሷ የምዛወርበት ጉዳይ አልቆ የአንድ ኃላፊ ፊርማ ብቻ ቀርቶታል፤ እሳቸውም ለአርበኞች ቀን ሰልፍ የክብር እንግዳችን ሆነው ሊመጡ ነው። ደስታዬን አትጠይቁኝ!

የሰልፉን ባነር እንዳሠራ ታዘዝኩ። «ነጻነትን ያቆዩልን አባቶች ክብር ይገባቸዋል» ብዬ ላክኩ። በዋዜማው ባነር ጸሐፊው ደወለ።

«ጋሼ፣ ጨርቁ አጠረ።»

«በምን ያህል?»

«በአንድ ቃልና በአንድ ፊደል!»

«በቃ ‹ነጻነትን› አውጣው። ‹ያቆዩልን› ከሚለውም ‹ል›ን ቀንስ... አንዲት ፊደል ምን ታመጣለች?»

ይህን ያልኩት ቢቸና ላይ ቆሜ መሆኑን ልብ በሉልኝ!

ሰልፉ ሁለት ሰዓት ይጀመራል ተባለ። ጎፈር የደፉት አዛውንት፣ ተማሪው፣ ፈረሱ ሳይቀር ተሰልፎ እንግዳውን ይጠብቃል። ሦስት ሰዓት... አራት ሰዓት... ፎካሪው ፎክሮ ፎክሮ ደክሞት ተቀመጠ። አምስት ተኩል ላይ መኪናቸው ብቅ ሲል ባነሩ ፊታቸው ተዘረጋ፦

«ያቆዩን አባቶች ክብር ይገባቸዋል!»

ሰልፈኛው በሳቅ ፈነዳ። አጠገቤ የቆሙት የቅኔ መምህር፣ የኔታ፣ ትከሻዬን ጨበጡ።

«አንተ ሰው! አንድ ቃል፣ ሁለት ፍቺ! ይህን ደብቀህ ነው እስከ ዛሬ የኖርኸው?»

«ወላሂ የኔታ፣ ጨርቁ አጥሮ ነው!»

«ጨርቁ አጥሮ! ይኸው፣ ደገመ!»

እንግዳው ወርደው ባነሩን አነበቡ። ደግመው አነበቡ። ሐዋሳ ስትርቅ ታየችኝ።

«ማነው የጻፈው?»

ሰዉ ሁሉ በኩራት ወደ እኔ ጠቆመ። እሳቸው ግን ሳቁ። «እውነት ነው፣ አቆየናችሁ... ይቅርታ!» ብለው ጨበጡኝ። እፎይ አልኩ።

በሳምንቱ እሳቸው የፈረሙበት ደብዳቤ መጣ፦ «እንደ እርስዎ ያለ ባለሙያ ለአካባቢው ስለሚያስፈልግ፣ ለጊዜው ባሉበት እንዲቆዩ።»

የኔታ አንብበው ከት ብለው ሳቁ። «በራስህ ቃል መለሱልህ!»

እኔ ግን አልሳቅኩም። ማታውኑ ባለቤቴ ደወለች።

«አሁን ደግሞ ምን አቆየህ?»

«‹ል›...»

«‹ል› ምን?»

«ልመጣ ነበር።»