ክዳን አልባው ማንቆርቆሪያ

ሰው ቤት ገብቶ ከባለቤቱ ፊት ይልቅ የስኒውን ቂጥ የሚመረምር እንግዳ የሌለበት ሰፈር የለም። በእኛ በአሪታ፣ ነጭ ሸክላ ሲተኮስባት በኖረች ከተማ፣ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር አቶ ኖናካ ናቸው።

አቶ ኖናካ የቀረበላቸውን ስኒ ገልብጠው ከሥሩ ያለውን የሠሪውን ማህተም ያነባሉ። ሻይ ይኑርበት አይኑርበት ግድ የላቸውም። የእህቴ ልጅ የታጨች ዕለት የአማቿን ስኒ ገልብጠው ሰውየውን ጭኑ ላይ አቃጠሉት።

«አይዞዎት፣ ሱሪ ይታጠባል! ስኒው ግን የቅድመ አያቴ ዘመን ነው!» አሉት፣ ደስ ብሏቸው።

የራሳቸው ሀብት አንዲት ሻይ ተቀድቶባት የማታውቅ፣ ሰማያዊ የፕሪም አበባ የተሳለባት ጥንታዊ ማንቆርቆሪያ ናት። ክዳኗ የጠፋው እሳቸው እጅ ሳትገባ ነው። በየሐሙሱ በጨርቅ ቋጥረው ቤት ለቤት ይዘዋት ይዞራሉ፤ ያገኙትን ክዳን ሁሉ ይሞክሩባታል።

«አይደለም» ይላሉ ሁልጊዜ። «ክዳንና ገላ አብረው ነው የሚተኮሱት። የሌላ ክዳን እሺ አይላትም።»

ኃጢአቴን ልናገር። ክዳኑ እኔ ጓዳ ነበር። ያው ሰማያዊ አበባ ያለበትን ክዳን አማቴ ከአሮጌ ዕቃ ጋር ገዝታው ነበር፤ እኔ በጨው የዘፈዘፍኩትን የፕሪም ማሰሮ እከድንበታለሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ግን ደጄን የሚያንኳኩት አቶ ኖናካ ብቻ ናቸው። ክዳኑን ካገኙ ሐሙስ ምን ሊያመጣቸው ነው? ስድስት ዓመት ዝም አልኩ።

ባለፈው ክረምት ሳንባቸውን ታመው ተኙ። ሁለት ሐሙስ ሳይመጡ ቀሩ። በሦስተኛው ክዳኑን አጥቤ፣ በመሐረብ ጠቅልዬ ሄድኩ።

ከፍራሻቸው ቀና ብለው ገጠሙት። ቀጭ አለ። ገላዋ ላይ የተቆረጠው የአበባ ቅርንጫፍ ክዳኑ ላይ ቀጠለ። መጋጠሚያውን በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ አነሱት።

«አይደለም። ትንሽ ይወዛወዛል።»

«እንዴ! ቅርንጫፉ እንኳ ገጥሟል እኮ!»

«ወይዘሮ ሂሳኤ፣ ሸክላ የማውቀው እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ? ይውሰዱት፤ ማሰሮው ተከፍቶ ፕሪምዎ እንዳይበላሽ። ስድን ሐሙስ መጥቼ ሌላ እንሞክራለን።»

ስለ ማሰሮው ነግሬያቸው አላውቅም። ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቁ ሳልጠይቅ ክዳኑን በመሐረቤ መልሼ ጠቀለልኩ።

የዳኑ ሐሙስ መጡ። ስኒያቸውን ባዶውን አቀረብኩላቸው። ገለበጡት፣ ማህተሙን አነበቡ፣ መለሱት። ያኔ ሻዩን ቀዳሁ።