የፍርስራሹ ደጅ ጠኚ

ሰው ከፊቱ ይታወቃል። ቤትም እንደዚያው ነው፤ ፊት አለው፣ ጀርባ አለው፣ እንግዳ የሚገባበት አለው፣ ጉድ የሚወጣበት አለው። እስቲ የራሳችሁን ቤት አስቡት፤ አማቻችሁ በጓሮ በኩል ከተፍ ቢሉባችሁ ምን ያህል ትደነግጣላችሁ! ቤት ሲፈርስ ታዲያ ቀድሞ የሚጠፋው ይኸው ፊቱ ነው። ግድግዳው ይቆማል፣ ደረጃው ይቆማል፣ ከየት ወደየት እንደሚያስገባ ግን የሚነግር ይጠፋል። ይህን የተማርኩት ትምህርት ቤት አይደለም። ኮልፌ ነው።

ዘመኑ የንጉሡ ዘመን ማምሻ ነው፤ እየመሸ መሆኑን ግን ያኔ ማንም አልነገረንም። በአንድ መሥሪያ ቤት ቀያሽ ሆኜ ከተቀጠርኩ ዓመት ያልሞላኝ፣ ከረባት ማሰር እንጂ መፍታት ያልለመድኩ ጎረምሳ ነበርኩ። አንድ ቀን አለቃዬ ጠሩኝና ኮልፌ ወዳለው የአንድ ሟች ደጃዝማች ግቢ ሄጄ ፕላን እንዳነሣ አዘዙኝ። የደጃዝማቹ ሁለት ወንዶች ልጆች በውርስ ተካሰዋል። ዳኛው ደግሞ የግቢው ፕላን ከነታሪኩና ከነአሠራሩ ይቅረብልኝ ብለዋል።

«የግቢውን ቤቶች ብቻ ነው የምታነሣው» አሉኝ አለቃዬ። «ዳር ዳሩን የተለጠፈውን የጭቃ ቤት ሁሉ ሰብስበህ እንዳታመጣብኝ።»

ቀላል ሥራ መሰለኝ።

ከአውቶቡስ ፌርማታው ወረድ ብዬ በተናደው አጥር ገባሁ። መናፈሻ ነበር የተባለው ቦታ ጽድና ወይራው ተደበላልቆ ጫካ ሆኗል፤ ኩሬውን በእግሬ ገብቼበት ነው ኩሬ መሆኑን ያወቅሁት። የቤቱን ክፍሎች ብቆጥር አሥራ ሁለት ሆኑ። ላረጋግጥ ብዬ ብደግም አሥራ አንድ። ብሠልስ አሥራ አራት! ግማሹ ግድግዳ በኖራ፣ ግማሹ በጭቃ የተያያዘ ነው። አንዱ መስኮት ቅስት፣ ጎረቤቱ አራት ማዕዘን። ደረጃውን ቆጥሬ ጫፍ ስደርስ የጠበቀኝ ሰማይ ነው፤ ፎቁ ከወደቀ ቆይቷል። ይባስ ብሎ በምሥራቅም ትልቅ በረንዳ አለ፣ በምዕራብም ትልቅ በረንዳ አለ። ታዲያ ፊቱ የቱ ነው?

ሰፈርተኛውን ጠየቅሁ። ባለሱቁ «የሠራው ሕንድ ነው፤ መግቢያው በምሥራቅ ነው» አለኝ። ሽንኩርት ስትመርጥ የነበረች ሴትዮ «አርመን ነው እንጂ! መግቢያውም በምዕራብ ነው» ብላ ቀማችው። አንድ ባለከዘራ አዛውንት ሁለቱንም ጸጥ አሰኝተው ግሪክ ነው አሉ፤ በየት በኩል እንደሚገባ ግን አያውቁም፣ ገብተው አያውቁማ። ሦስቱንም ጻፍኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ግራ ከመጋባቴ የተነሣ ሰሜን ራሱ ሰሜን መሆኑን ተጠራጥሬ ነበር።

በማግሥቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ በምዕራቡ በረንዳ ሥር አንድ ሽማግሌ ቆመው አገኘሁ። ሲያዩኝ ቆባቸውን አስተካክለው፣ ከወገባቸው ዝቅ ብለው እጅ ነሡ።

«እንዴት አደሩ ጌታዬ?»

ጌታውን ፍለጋ ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ማንም የለም።

ጋሽ ሸምሱ ይባላሉ፤ ኮርቻ ሰፊ ናቸው። ለደጃዝማቹ በቅሎ የሰፉት ኮርቻ እጅግ ስላስደሰታቸው፣ ደጃዝማቹ ከመናፈሻው ዳር «ከዚያ ኮሶ ወዲያ ቤት ሥራበት» ብለው ሰጧቸው። በቃል ነው ታዲያ። ጋሽ ሸምሱ ቤቱን ሠሩና ለወረቀቱ ደጅ ይጠኑ ጀመር። ደጅ ጥናት ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ መናገር አያስፈልግም፣ ጌታው ሲወጣ ሲገባ መታየት ብቻ ነው። ደጃዝማቹ ወረቀቱን ሳይሰጡ ሞቱ። ልጆቹ ተጣሉ። ጣሪያው ወደቀ። ጋሽ ሸምሱ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ መቆማቸውን አልተዉም።

«ማንን ነው የሚጠብቁት ጋሽ ሸምሱ?»

«የመጣውን ነዋ ጌታዬ። ጌታ ይሞታል፣ ደጅ አይሞትም። ይኸው እርስዎ መጡ አይደል?»

እኔ ጌታ እንዳልሆንኩ፣ «ለካ» ብቻ ተብዬ የተላክሁ ምስኪን መሆኔን ባስረዳ ሰሚ አጣሁ። ከረባቴ ይመሰክርብኛል። ተስፋ ቆርጬ የቤቱን ፊት ጠየቅኋቸው።

«ደጅ ጠኚ የቤት ፊት ይስታል?» አሉ ቅር ብሏቸው። «ይሄ ነው ፊቱ። የወዲያኛው በረንዳ እኛን ሽሽት በኋላ የተሠራ ነው። በዚህ ስንቆም ደጃዝማቹ በዚያ ይወጣሉ። ስንነቃባቸው ጊዜ ደረጃ አስጨመሩ። ደረጃውንም አወቅንባቸው። ያ ጠባቡ በር የመጨረሻው ነው፤ ወላሂ፣ እሱን እንኳ ለማግኘት ሁለት ክረምት ፈጅቶብናል።»

ሁለት ቀን የፈተነኝ የሕንፃ ጥበብ በአንድ አፍታ ተፈታ! ሕንዱም አርመኑም ግሪኩም አይደሉም፤ ያን ቤት እንዲያ ያጣመመው ደጅ ጠኚው ነው። ጋሽ ሸምሱ የሜትሩን ጫፍ ያዙልኝና ግቢውን ስንለካ ዋልን።

መጨረሻ ላይ ኮሶው ጋ ደረስን። ቤታቸው ጭቃ ነው፤ በሩ ላይ ባለቤታቸው ቆመው ያዩናል። ፕላን ላይ የሌለ ቤት የለም ማለት ነው፤ ያሸነፈው ወራሽ በነጋታው ያፈርሰዋል። የአለቃዬ ትእዛዝ ትዝ አለኝ። የኮርቻ ሰፊ ቤት ብዬ ብጽፍ ይሰርዙታል። አሰብኩ፣ አሰብኩና፣ ቤቱን አሳምሬ ስዬ «የዘበኛ ቤት» ብዬ ጻፍኩበት። አለቃዬም ሳያንገራግሩ ማኅተማቸውን አሳረፉ። በብልሃቴ እንዴት እንደኮራሁ!

ሣሩን አይቼ ገደሉን አላየሁም። ዳኛው «በፕላኑ ላይ የሚታዩት ቤቶች ሁሉ የግቢው ናቸው» ብለው ለታላቁ ልጅ ፈረዱ። የጋሽ ሸምሱን ቤት ባልስለው ኖሮ ይከራከሩበት ነበር፤ በእጄ ስዬ የደጃዝማቹ አደረግሁት። አለቃዬን አርሙልኝ ብዬ ለመንኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ማኅተም ሲጨመርበትማ! ደግነቱ ታናሹ ይግባኝ አለ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል፤ እዚህ ግን ሣሩ የቆየው ዝሆኖቹ ስላልታረቁ ነው።

ጋሽ ሸምሱ ወሬውን ሰምተው ቢሮዬ መጡ። ወንበር ብሰጣቸው አልቀመጥም አሉ። አፍሬ የሠራሁትን ሁሉ ነገርኳቸው።

«እኔ ዘበኛ ሆኜ አላውቅም» አሉ።

«አውቃለሁ።»

ፕላኑን አሳየኝ አሉ። በጣታቸው ኮሶውን አገኙ፣ ቤታቸውን አገኙ።

«ስሜስ የቱ ጋ ነው?»

«ፕላን ላይ የሰው ስም አይጻፍም፣ ጋሽ ሸምሱ።»

ጣታቸው ወደ ላይ ወጣና በትልልቅ ፊደል፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፌ የጻፍኩት ርእስ ላይ ቆመ።

«ይሄስ ምን ይላል?»

«የደጃዝማቹ ስም ነው።»

ብዙ አዩት። ከዚያ እስካሁን ጌታዬ ሲሉኝ የኖሩት ሰው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«አይዞህ ልጄ» አሉኝ። «እሳቸውም የተጻፉት ከሞቱ በኋላ ነው።»