ቅቤዎቹ የፈተኑኝ ቀን

ትናንት ከምሳ በኋላ፣ ለቃለ መጠይቅ ተራዬን ስጠብቅ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ እንቅልፍ ጣለኝና ሕልም አየሁ። ቃለ መጠይቁ ለዶክትሬት ምርምር ለሚሰጥ አንድ ስኮላርሺፕ ነበር። አንድ ብቻ። የእኔ ጥናት ደግሞ ገበያ ላይ ከሚሸጠው ቅቤ ምን ያህሉ ሙዝና ሌላ ባዕድ ነገር እንደተቀላቀለበት በስታቲስቲክስ መገመት ነው። ሁለት ዓመት ደክሜበታለሁ፤ ካላለፍኩ ሥራው ሁሉ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

በሕልሜ በሩ ተከፈተና ገባሁ። ቢሮው ገበያ ነበር። ሰዎች በኮባ ቅጠል ተጠቅልለው መሬት ላይ ተደርድረዋል፤ ቅቤዎች ዘንቢል አንጠልጥለው በመካከላቸው እየዞሩ ይገበያሉ። አንዷ ቅቤ የትምህርት ክፍላችንን ኃላፊ ዶክተር ደርበውን ግንባራቸው ላይ በጣቷ ጫን አድርጋ አሸተተቻቸው።

«ንጹህ ነኝ እመቤቴ፤ ከፈለጉ ይቅመሱኝ» አሉ ዶክተሩ።

«ባለፈው ሳምንትም እንዲህ ብለኸኝ ነበር። ቤት ወስጄ ሳነጥርህ ሁለመናህ ስብሰባ ሆኖ ተገኘ!»

ወዲያው ስሜ ተጠራ። ከጠረጴዛው ኋላ ሁለት ፈታኞች ተቀምጠዋል። አንደኛው ሽታቸው ቀድሟቸው የሚደርስ አዛውንት በሳል ቅቤ ናቸው። ሁለተኛው ለጋ ቅቤ ነው፤ ፀሐይ እንዳያገኘው መጋረጃ ሥር ተጠግቷል።

«ይርሳው ደምሌ አንተ ነህ?» አሉኝ በሳሉ።

«አዎ አባባ።»

«ናሙናህ ስንት ነው?»

«ሦስት መቶ ሰማንያ አራት።»

ለጋው ሳቀ። «ጓደኛህ ወባን ሲያጠና ሦስት መቶ ሰማንያ አራት፣ ፍቺን ሲያጠና ሦስት መቶ ሰማንያ አራት! ከአንድ ሱቅ ነው እንዴ የምትገዙት?»

«ቀመሩ ነው የሚሰጠን» አልኩ። «ከዚህ በፊት የተደረገ ጥናት ከሌለ ግማሹ የተበረዘ ነው ተብሎ ይሰላል።»

ቅቤዎቹ ዘንቢላቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ግማሾቻችን?» አሉ በሳሉ። «ቤታችን መጥተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እና ሳታውቀን ነው ግማሾቻችንን ሙዝ ያልከን?»

«አባባ፣ ስድብ አይደለም። ለጥንቃቄ የሚወሰድ ግምት ነው።»

«እናቴን ሙዝ አላት!» ብሎ ለጋው አለቀሰ። ሲያለቅስ ቀለጠና ከወንበሩ ፈሰሰ። አንዲት ገበያተኛ ቅቤ በጭልፋ ሰብስባ መልሳ አስቀመጠችው።

በሳሉ ግን ፍትሐዊ ነበሩ፤ ድምፃቸውን እንኳን ከፍ አላደረጉም። «ስለ አንተም የተደረገ ጥናት የለም። በራስህ ቀመር ብንሄድ ግማሽህ የተበረዘ ነው። ስለዚህ ስኮላርሺፑን የምንሰጠው ለግማሽህ ነው።»

ነገሩ አግባብ መስሎ ታየኝ። «ለየትኛው ግማሽ?» አልኩ።

«በዕጣ ነዋ! እዚህ ቤት አድልዎ የለም።»

ዕጣው ለቀኝ ጎኔ ወጣ። ቀኝ እግሬ ደህና ሁኑ ሳይል ሻንጣውን አንስቶ ተነሣ።

«ወዴት ነው?» አለው ግራ እግሬ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ቅቤ ተራ አብረን አልተመላለስንም?»

«የጻፍኩትስ እኔ አይደለሁ?» አለ ቀኝ እጄ።

ግራ እጄ ቅሬታ ላቅርብ ብሎ ብዕር አነሣ፤ ግን መጻፍ አይችልም። ሁሉም እውነታቸውን ስለነበር ለማን እንደማዝን ግራ ገባኝ።

«ቢያንስ ጭንቅላቴን አብራችሁ ላኩልኝ» ብዬ ለመንኩ።

«ማስታወቂያው ላይ ጭንቅላት አልተጠየቀም» አለ ለጋው፣ እንደገና መቅለጥ እየጀመረ።

በሳሉ ማህተማቸውን ቀለም ነከሩና ግንባሬ ላይ ሊመቱ እጃቸውን ሲያነሱ ነቃሁ።

ከራሴ በላይ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ ጸሐፊዋ ወይዘሮ ምንትዋብ ወረቀት እየለጠፉ ነበር።

«ተራዬ ደረሰ እንዴ እትዬ?»

«የምን ተራ? ውጤት እኮ ነው። ሰባ ስምንት ነጥብ አምስት፤ ሁለተኛ ወጥተሃል። ጎበዝ!»

«እኔ እኮ ገና አልገባሁም!»

«ታዲያ ሳይገቡ ሁለተኛ መውጣት ቀላል ነው?»

«አንደኛ የወጣውስ ገብቷል?»

ወይዘሮ ምንትዋብ የመጨረሻዋን እስፒል በአውራ ጣታቸው ተጫኑ።

«እሱማ ማመልከቻውን ነገ ነው የሚያመጣው።»