የሬሳዎቹ ፊልም ጠንካራና ደካማ ጎን

ሐበሻ ሦስት ሆኖ በተቀመጠበት ቤት ሁሉ አንድ ገምጋሚ አይጠፋም። ሁለቱ ይበላሉ፤ ሦስተኛው ወጡን በጠንካራና በደካማ ጎን ከፍሎ ያቀርባል።

የእኛ የጀሪፍ ሰፈር ሐበሾች ክቡር ሰብሳቢ ያረጋል ይባላል። አገር ቤት ስድስት ዓመት የቀበሌ ቃለ ጉባኤ ጽፏል። ካርቱም ላይ ጡብ ይሸከማል። ቀበሌው እዚያው ቀርቷል፤ ስብሰባው ግን አብሮት ድንበር ተሻግሯል።

አንድ ቀን ራክሻ የሚሉት የሱዳን ባጃጅ ሹፌር ይዞን ጉድጓድ ገባ። ያረጋል ወርዶ ሱሪውን አራገፈና፣ «በጠንካራ ጎን የሚነሳው ፍጥነትህ ነው» ብሎ በአማርኛ ጀመረለት። ሰውዬው፣ «ያላ፣ ያ ዞል!» — በል ሂድ፣ አንተ ሰው — ብሎ ጥሎን ሄደ። «ሂስ አይቀበልም» አለ ያረጋል፣ በሐዘን።

በ2011 ግንቦት መጨረሻ ወታደሮች ሰልፈኛውን በተኩስ ሲበትኑ ኢንተርኔት ተቆረጠ፤ መንገዱ በጡብና በጎማ ተዘጋ፤ ሥራ ቆመ። እኛም ይመኙሻል የምትባል ያገራችን ሴት ምግብ ቤት ተከተትን። ሙያዬ ኤሌክትሪክ ስለሆነ ቴሌቪዥኑን ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኘሁት። ፍላሹ ላይ የነበረው ፊልም አንድ ብቻ ነው፦ ሬሳዎች ተነስተው ሰው ይነክሳሉ፤ እኛ የምናየው አንድ ጎረምሳ እየሮጠ በካሜራው የቀረጸውን ነው። ሦስት ቀን ደጋግመን አየነው።

አብራን የተከተተችው ማዘንጊያ ግን አታይም። በሩ ጋ ተቀምጣ ስልክ ትደውላለች። ታናሽ እህቷ ሐመልማል እዚሁ ካርቱም፣ ጣኢፍ የሚባል ሰፈር ውስጥ የቤት ሠራተኛ ናት፤ አሠሪዎቿ ከከተማ ሲሸሹ ቤት ጠብቂ ብለው ብቻዋን ትተዋታል። ስልኳ ሁለት ቀን ዝግ ነው። ማዘንጊያ ልሂድ ብላ ስትነሳ ሁለቴ ይዘን አስቀምጠናታል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ያረጋል እጁን አነሳ። «ይቁም! መድረኩ ለቤቱ ክፍት ነው።»

«እውነት ይመስላል፤ ያስፈራል» አለች ይመኙሻል። «ድክመቱ፣ የልጁ እጅ ተንቀጠቀጠና ራሴን አዞረኝ።»

«መንቀጥቀጡ ከጥንካሬ ይመዝገብ» አለ ያረጋል። «የፈራ ሰው እጅ ነው።»

«ሁለት ቀን ሙሉ ሲቀርጽ አንዴ ቻርጅ አላደረገም» አልኩ። «ይህ ባትሪ የሚሸጥበትን ሱቅ የሚያውቅ ይንገረኝ።»

«ሙያዊ ጠባብነት!» ብሎ ወገረኝ። «ዋናው ድክመት ገና አልተነሳም። ልጅቷ ከበሩ ጀርባ አድኑኝ እያለች ትጮኻለች፤ እሱ ቆሞ ይቀርጻል። እንዲህ የሚያደርግ ሰው የት አለ? ከእውነታው የራቀ ነው!»

«አንተ አለህ አይደል!» አለች ማዘንጊያ።

ሁላችንም ዞርን።

«እህቴ እዚህ አፍንጫችን ሥር ተዘግቶባት አንተ ሬሳ ትገመግማለህ! እናንተም አብራችሁ ትመዘግባላችሁ!»

የመልስ ሂስ ጠበቅኩ። ይህ ሰው በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ነጥብ ሲለቅ አይቼ አላውቅም። ያረጋል ግን ተነሳና ነጠላ ጫማውን አጠለቀ።

«ሂሱን ውጫለሁ» አለ።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«ጣኢፍ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ይተኩሳሉ እኮ!»

«አጀንዳው ተዘግቷል» ብሎ ወጣ። ውሻ ሲያይ መንገድ የሚቀይር ሰው ነው።

በደህና ቀን በራክሻ ሩብ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ስድስት ሰዓት ሆነ፤ ስምንት ሆነ። ማዘንጊያ፣ «ምነው ምላሴን በቆረጠው» እያለች ትንቆራጠጣለች። ሩቅ ተኩስ በተሰማ ቁጥር ይመኙሻል ታማትባለች። ፊልሙን ማንም አልነካውም።

አሥር ሰዓት ሲል በሩ ተንኳኳ። ሐመልማል ናት፣ ጓዟን በፌስታል አንጠልጥላ። ከኋላዋ ያረጋል ቆሟል፤ ባዶ እግሩን ነው፣ ሸሚዙ እስከ ብብቱ ተተርትሯል።

«ተኩስ ሲመጣ አጥር ዘለልን፤ ጫማው እዚያው ቀረ» አለች ሐመልማል፣ እህቷ አንገቷን አንቃ ይዛት። «ያዘገየን ግን ተኩሱ አይደለም። መንገድ የዘጉት ልጆች ጋ ስንደርስ፣ የጡብ አደራደራችሁ ድክመት አለበት ብሎ በምልክት ይነግራቸዋል። እነሱ ይስቃሉ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ያስተካክልላቸዋል! አራት ቦታ፣ እመቤቴን! አራት ቦታ ቆሜ ስጠብቀው ዋልኩ።»

ያረጋል ሁለት ጣሳ ውሃ ጠጣ፤ አግዳሚው ላይ ተጋድሞ፣ አፉን ከፍቶ እንቅልፍ ወሰደው።

«በቃ፣ ፊልሙን ልክፈተው?» አለች ይመኙሻል። «ዛሬስ የሚያቋርጠን የለም።»

«ተይው፤ ይንቃ» አልኳት።

አንድ ፊልም በጸጥታ ባይ ብዬ ሦስት ዓመት ስለት የተሳልኩ ሰው፣ የባትሪውን ሽቦ በገዛ እጄ ነቀልኩት።