ሲስተሙ ሽጉጥ ነጋዴ ያለኝ ሳምንት

ጆሃንስበርግ ውስጥ ሽጉጥ የሚፈራ ሰው ገና አዲስ ገቢ ነው። የቆየ ሰው የሚፈራው ታብሌት ነው። አትሳቁ... ሽጉጥ የያዘ ሌባ ያገኘውን አፍሶ ይሄዳል፤ ሱቅህና ደንበኛህ ግን እዚያው ይቀሩልሃል። ታብሌት ከተቆጣህ ደንበኛህን ነው ይዞብህ የሚሄደው።

ለማታውቁኝ ራሴን ላስተዋውቅ። ቮስሎሩስ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር፣ ሎኬሽን በሚሉት ውስጥ፣ ስፓዛ የሚባል የሰፈር ሱቅ ካላቸው ሐበሾች ሁሉ መልከ መልካሙ እኔ ነኝ። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፣ እናቴም ትላለች። ትምህርቱን በተመለከተ፣ ሌላው ልጅ ስድስተኛ ክፍልን አንዴ ሲማር እኔ ሁለቴ ተምሬዋለሁ። ስለዚህ በስድስተኛ ክፍል የሚበልጠኝ የለም።

ሱቁ የእኔና የአጎቴ ልጅ የማርቆስ ነው። ማርቆስ ታላቄ ነው፣ የቸርች ሽማግሌ ነው፣ ሲያስነጥስ እንኳ አሜን ይላል። ዳቦውን፣ ዱቄቱን፣ ሳሙናውን የትም ታገኙታላችሁ። የእኛን ሱቅ ሱቅ ያደረገው መብራት ነው። እዚህ አገር መብራት እንደ ስልክ ካርድ በቁጥር ይሸጣል፤ ደንበኛው ይከፍላል፣ ታብሌቱ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ቤቱ ሄዶ ቆጣሪው ላይ ይነካካዋል፣ ምድጃው ይሞቃል። ሰው ለመብራት መጥቶ ዳቦ ይዞ ይሄዳል። መብራት ከሌለህ ዳቦህን ራስህ ብላው።

ታብሌቱ ውስጥ ያለው ሲስተም የባሕር ማዶ ሰዎች ነው። እያንዳንዱን ዕቃ ከነፎቶው መዝግብ ይላል። እኛ ደግሞ የምንሸጠው በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆነን ስለሆነ፣ ደንበኛ ዕቃውን አይነካም፣ ታብሌቱን አዙሬ ፎቶውን ነው የማሳየው። እንግዲህ ፎቶ ከተባለ አይቀር ብዬ እያንዳንዱ ፎቶ ላይ ራሴም ገባሁበት። እኔና ዳቦ። እኔና የዓሣ ቆርቆሮ። የበቆሎ ዱቄቱን ከረጢት ተሸክሜ ፈገግ ብዬ የተነሳሁትን ብታዩት ዱቄት ሳያምራችሁ አትቀሩም። ስም መጻፊያውን ባዶ ነው የምተወው። እንግሊዝኛ መጻፍ አቅቶኝ አይደለም... ጊዜ የለኝም።

ታዲያ ባለፈው ከከተማ የልጆች የውሃ ሽጉጥ አንድ ካርቶን አመጣሁ። ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል። ፎቶውን ስነሳ የማርቆስን የቆዳ ጃኬት ለበስኩ፣ ጥቁር መነጽር አደረግሁ፣ በሁለት እጄ ሁለት ሽጉጥ ያዝኩና ካሜራውን ጠላቴ እንደሆነ አድርጌ አየሁት። እንደ ልማዴ ያለ ስም መዘገብኩት። ፎቶው ያስፈራል። እኔው ራሴ ሳየው በሩን ቆልፌያለሁ።

ሰኞ ጠዋት ታብሌቱን ስከፍት ቀይ። ከላይ እስከ ታች ቀይ፣ መሐሉ ላይ ረዥም እንግሊዝኛ። ሰኔ ነው፣ እዚህ ደግሞ ሰኔ ማለት ብርድ ነው፣ የመብራቱ ሰልፍ ረዝሟል። ከፊት የቆመችው ጎጎ ኖምሳ ናት። ጎጎ ማለት አያት ማለት ነው፤ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት።

"ጎጎ፣ እስቲ ይህን አንብቢልኝ፤ መነጽሬን ረስቼ ነው" አልኳት። ከዚያች ከፎቶዋ በስተቀር መነጽር አድርጌ አላውቅም።

ጎጎ አርባ ዓመት ያስተማረች ሴት ናት፣ ቀስ ብሎ ማንበብ አታውቅም። ክፍል ሙሉ ተማሪ እንዳለ አድርጋ አነበበችው። "ድርጅታችን የጦር መሣሪያ ከሚሸጡ ነጋዴዎች ጋር አይሠራም። ስለዚህ ሲስተሙን ለጊዜው ዘግተናል። የሚሸጡትን ሽጉጥ እስከ ዓርብ ከዝርዝሩ ያውጡ፤ አለዚያ ሲስተሙን ለዘለዓለም ያጣሉ።"

ሰልፉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

"ምፋና፣ ሽጉጥ ትሸጣለህ እንዴ?" አለችኝ። ምፋና ማለት አንተ ልጅ እንደማለት ነው።

እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ግን ከኋላዋ ማን እንደቆመ አየሁ። ጥግ ላይ ተደግፈው የሚውሉት፣ በሬን በእርግጫ ካልመቱ ቀኑ የማይነጋላቸው ጎረምሶች ናቸው። አንዱ ኮፍያውን አወለቀ። በሕይወቴ ለእኔ ኮፍያ ያወለቀ ሰው የለም፣ ፀጉር አስተካካዬ እንኳ እኔን ነው የሚያስወልቀኝ። እና... ዝም አልኩ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባል የለ? እኔ ሳልጠይቅ ነው ያነጠፉልኝ፤ ምን ላድርግ፣ ተቀመጥኩበት።

እኛን ሐበሾችን እዚህ ሁሉም ሰው "ማይ ፍሬንድ" ነው የሚለን፣ ስማችን ይህ ነው። ማክሰኞ ጠዋት እኔ "ባባ" ሆኜ ነቃሁ፤ አባት እንደማለት ነው። ሳውቦና ባባ፣ እንዴት አደርክ ባባ። በሬን የሚመታ የለም፤ እንዲያውም አንዱ ጎረምሳ ደጄን ጠረገልኝ። ከሰዓት በኋላ አንድ ጎልማሳ ሰው መጥቶ ፍርግርጉ ላይ ተለጠፈና በሹክሹክታ፣ "ባባ፣ ያ... የፎቶው ነገር አለ?" አለኝ።

እኔ የዋሁ እንደ ነጋዴ ጠየቅሁ። "ለልጅ ነው ለአዋቂ?"

የሰውየው ፊት አመድ መሰለ። "ለልጅም ትሸጣለህ?"

"ዋናው ደንበኛዬ ልጅ ነው" አልኩት። ወደኋላ ወደኋላ እየተራመደ ሄደ። ዝናዬ እዚያው እጥፍ ሆነ።

ማርቆስ ዕቃ ሊያመጣ ከተማ ሰንብቶ ነበር። ወሬውን የሰማው ታክሲ ውስጥ ነው፣ ሳይወርድ። በዚያው አመሻሽ ሱቅ ሲገባ ፊቱ ላይ ደም የለም።

"አንተ ልጅ። የት ነው ያስቀመጥከው?"

"ምኑን?"

"አታድርቀኝ። ሽጉጡን።"

"ከብስኩቱ ሥር።"

የዱቄቱ ከረጢት ላይ ተቀመጠ። "ከብስኩት ሥር... ጌታ ሆይ። ስንት ነው?"

"አንድ ካርቶን።"

"ካርቶን?"

"ሃያ አራት ናቸው፤ ሦስቱ ግን ውሃ ያፈሳሉ።"

አያችሁ፣ እንደ ማርቆስ ያለ ሰው ከሞት ወደ ሕይወት ሲመለስ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ጸሎት ይመስላችኋል። አይደለም። በብስኩት ካርቶን ነው ራሴን ያለኝ። ከዚያ በኋላ ጸለየ።

"አሁኑኑ ደውልና መጫወቻ ነው በላቸው!"

"ማርቆስዬ፣ በሬ ከተመታ እኮ ሁለት ቀን ሆነ። ባባ እያሉኝ ነው።"

"ባባ መባል መብራት ይሸጣል?"

ወደ ውጭ ዞር ስል ጎጎ ኖምሳ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ አንድ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ በደጃችን ታልፋለች። ወደ ላይኛው ሱቅ፣ ዳገቱን።

"ጎጎ፣ ወዴት ነው?"

"ባቄላዬ ግማሹ ጥሬ ነው፣ መብራቴ አለቀ። ጉልበቴ እንቢ ይላል፤ ባቄላው ደግሞ አይጠብቅም" አለችና አንድ ጊዜ ቆማ ተነፈሰች። ከእሷ ኋላ የሰኞው ሰልፌ በሙሉ ዳገቱን ተያይዞታል። የሰኞ ዳቦዬ መደርደሪያው ላይ ደርቆ ያየኛል። ሁሉም ባባ እያሉኝ ነው የሚያልፉኝ።

ደወልኩ።

የሲስተሙ ሰዎች መጀመሪያ ላይ ነገሩ አልገባቸውም። እነሱ ሽጉጡን ከዝርዝሩ አውጣ ይላሉ፤ ዝርዝሩን ደግሞ ራሳቸው ቆልፈውታል። በኋላ ሊንዳ የምትባል ሠራተኛ በቪዲዮ ላየው አለች። ረቡዕ ጠዋት ማርቆስ ስልኩን ያዘ፣ እኔ ፀጉሬን አበጠርኩ። ወሬው ወጥቶ ኖሮ ደጁ ላይ ሎኬሽኑ በሙሉ ቆሟል፣ ጎረምሶቹ ከፊት፣ ጎጎም ከነበርጩማዋ።

"መሣሪያውን ወደ መሬት አድርገህ አሳየኝ" አለች ሊንዳ። ሴትዮዋ ባሕር ማዶ ሆና፣ ስልኩ ውስጥ ጎንበስ ብላለች።

"መጫወቻ ነው እህቴ፣ ተመልከቺ" ብዬ ወደ ጣሪያው አነጣጠርኩና ተኮስኩ። ምንም የለም። ደግሜ ሳብኩ፣ ምንም። ሌላ አነሳሁ፤ ያነሳሁት ከሦስቱ አንዱ ኖሯል። ውሃው በአፉ መውጣቱን ትቶ በእጀታው ወጣና ሱሪዬን ከፊት ለፊት፣ እዚያው ክፉው ቦታ ላይ፣ አራሰው።

ጎጎ ኖምሳ ስትስቅ ከበርጩማዋ ወደቀች። ጎረምሶቹ እየሳቁ እርስ በርስ ተደጋገፉ። በሁለት ቀን የተገነባ ባባነት በአንድ ሱሪ ፈረሰ።

ሊንዳ ብቻ አልሳቀችም። "ፈሳሹ ምንድን ነው?"

"ውሃ ነው።"

"ልታረጋግጥልኝ ትችላለህ?"

ጠጣሁት። እሷ ግን ገና እየጻፈች ነው። "ምስክር አለህ?" ማርቆስ ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ፣ ጃኬቱን አስተካከለ፣ የቸርች ሽማግሌ መሆኑን በእንግሊዝኛ ተናገረ፣ ሽጉጡን እንደ ጡጦ አፉ ላይ ደግኖ እሱም ጠጣ። እኔ ይህን ፎቶ አለማንሳቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሊንዳ በመጨረሻ አመነች። እኔ ግን ሱሪዬ ረጥቦ ዝም ብዬ አልለቃትም። "እህቴ፣ እዚህ ሰፈር ሽጉጥ የሚደገንብኝ ሰው እኔ ነኝ። ከመጣሁ ሦስት ጊዜ ተደግኖብኛል። እነዚያ ሰዎች በየትኛው ሲስተም ነው የሚሠሩት? የእነሱን ዝጉት።"

ዝርዝሯን ገልበጥ ገልበጥ አደረገች። "እነሱ ደንበኞቻችን አይደሉም" አለች።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የተባለው እኮ ለእኛ ነው።

ሲስተሙን ከፈተችው፤ ግን አንድ ግዴታ አለው አለች። ከመዘጋት የተመለሰ ነጋዴ ሁሉ እነሱ የሚልኩትን ማስታወቂያ አትሞ ሱቁ ፊት ለፊት፣ ደንበኛ በሚያየው ቦታ መለጠፍ አለበት። ፎቶውንም መላክ አለበት። ማስታወቂያው በትልልቁ እንዲህ ይላል፦ "በዚህ ሱቅ ውስጥ ምንም ዓይነት የጦር መሣሪያ የለም።"

እስቲ እናንተ ፍረዱ። ቮስሎሩስ ውስጥ ይህን በርህ ላይ መለጠፍ ማለት "ራት ቀርቧል፣ እጃችሁን ታጥባችሁ ግቡ" ማለት ነው። ማርቆስ አልለጥፍም አለ። እኔ አልለጥፍም አልኩ። ጎጎ ኖምሳ ደግሞ የቆጣሪዋን ቁጥር ይዛ ቆማለች፤ የዛሬው ባቄላዋም ተስፋ አድርጓል። ለጠፍነው።

ጎጎ ጠጋ ብላ አነበበችው። አሁንም ጮክ አድርጋ።

"ምንም የላችሁም? ምንም?" አለችኝ።

"ምንም የለንም ጎጎ።"

ከቦርሳዋ ወፍራም እስክሪብቶ አወጣችና በአስተማሪ ጽሕፈት፣ ከማስታወቂያው ሥር፣ በሰፈሩ ቋንቋ በዙሉ አንድ መስመር ጨመረችበት፦ "ውሻ ግን አለ።"

ውሻ የለንም። ግን የሲስተሙን ደንብ ከላይ እስከ ታች አስነብቤዋለሁ፣ ስለ ውሻ የሚል ነገር የለበትም። ስለዚህ ውሻ ያላችሁ ሰዎች ካላችሁ አምጡልኝ። ባይናከስም ግድ የለም፣ ዋናው ነገር ሲጮህ በዙሉ ይጩህ። ፎቶውን እኔ አብሬው እነሳለሁ።