ከፍሳሽ የመጣ ጥሎሽ

ሽማግሌ ተልኮ ልጃገረድ ሲጠይቅ ስለ ልጁ የሚናገረውን ብትሰማ፣ የወለደችው እናቱ እንኳ «ይሄ ደግሞ የማን ልጅ ነው?» ትላለች። ሰካራሙ «ጨዋታ አዋቂ»፣ ሥራ ፈቱ «ረጋ ያለ»፣ ቁጡው «ቆራጥ» ይሆናል። ሽምግልና ማለት፣ አንባቢዬ፣ እውነትን የክት ልብስ ማልበስ ነው። እኔም በልደታ ሰፈር ስንቱን አልብሻለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እስኪጠራ ድረስ ግን ሠርጉ ያልፋል።

የጎረቤቴ ልጅ ዳዊት ግን አስቸገረኝ። የሚሠራው ፍሳሽ ማጣሪያ ነው፤ ከየሽንት ቤቱ ከሚመጣው ፍሳሽ ፎስፈረስ የሚባለውን የሰብል ምግብ ለይተው እያወጡ፣ አድርቀው ነጭ ማዳበሪያ ያደርጉታል። የሚወዳት ልጅ የሰንጋ ተራ ልጅ ነች፤ አባቷ አቶ ቶሎሳ ኩሩ ሰው ናቸው። ለሽምግልና ልንወጣ ስንል ዳዊት በር ላይ ያዘኝና፣ ሥራውን ደብቀን የምናመጣለትን እሺታ እንደማይቀበል ነገረኝ። «አልቀበልም» ማለቱን አላመንኩትም። ቃል ግን ገባሁለት።

ሦስት ሆነን ሄድን። አንዱ ጓደኛችን ቀደም ብሎ «ልጃችን ማዳበሪያ ያመርታል» አለ። የአቶ ቶሎሳ ፊት በራ። ወንድማቸው አገር ቤት ገበሬ ነው፤ የማዳበሪያን ውድነት በደወለ ቁጥር ይነግራቸዋል። እዚያው ላይ ዝም ብንል ነገሩ ባለቀ ነበር። ግን ከምን እንደሚመረት ጠየቁ። ጓደኞቼ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

«ከሽንት ቤት ፍሳሽ ነው» አልኩ።

ባለቤታቸው ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳብ አደረጉ። በር ላይ የያዘኝ ዳዊት ትዝ አለኝ።

«እኛ አገር ከማሳው በቆሎ የጓሮው ያምራል» አሉ አቶ ቶሎሳ በቀስታ። «ለምን እንደሚያምር ሁሉም ያውቃል፤ የሚናገር ግን የለም። እርስዎ ተናገሩ።»

እንደ ወጉ ቀጠሮ ሰጡን፤ በቀጠሮው ፈቀዱ። ከጥሎሹ ጋር ለወንድማቸው የሚሆን ሁለት ጆንያ ከዚያው ማዳበሪያ እንዲመጣ ጠየቁ።

በሠርጉ ቀን ጥሎሹን የምጠራው እኔ ነበርኩ። ቀለበቱን፣ ቀሚሱን፣ ጃንጥላውን ድምፄን ከፍ አድርጌ ጠራሁ። ጆንያው ጋ ስደርስ ድንኳን ሙሉ ሰው አፍጥጦብኛል። የሽማግሌ አመሌ ተነሣብኝና «ሌላም ሌላም» ብዬ ላልፍ ስል፣ አቶ ቶሎሳ ከመቀመጫቸው አቋረጡኝ።

«በስሙ ይጥሩት» አሉ። «የልጄ ባል የሚያድርበት እንጀራ ነው።»

በስሙ ጠራሁት፤ ከነምንጩ። ሴቶቹ ትንሽ ተያዩና እልል አሉ። መቼም ጥሎሽ የሚያዋጣው የሙሽራው ወገን ነው፤ ለዚህኛው ግን ድንኳኑ ውስጥ የነበርነው ሁላችንም አዋጥተናል።